ያልበራችው ቀይ መብራት

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ነገር መኪናዋን ወደ ግቢ ማስገባት ነው። መጋቢት ነበር። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በምዕራብ በኩል ጠቆረ፤ የበልጉ ዝናብ በረዶ ይዞ እንደሚመጣ ከንፋሱ ታወቀን። እኔ የግቢውን በር በሁለት በኩል ከፍቼ ከፊት ቆምኩ። እሱ ከመሪው ኋላ ሆኖ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ና፣ ና፣ ወደ ግራ… ኧረ ወደ ግራ!»

«ባንቺ ግራ ነው በኔ?»

«በመኪናዋ ግራ!»

«እሷማ ግራ መታጠፍ ትታለች» አለና ሳቀ።

መስታወቷ የአጥሩን ባሕር ዛፍ ሳትነካ ለጥቂት አለፈች። ቆርቆሮው ሥር ቆመች። ሞተሩን አጥፍቶ ሲወርድ ኮፈኗን በእጁ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ገብተን የትናንቱን ምስር አሙቄ በላን። በረዶው ሩብ ሰዓት ያህል ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆይቶ አባራ።

ወደ ግቢ ትግባ ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ እጽፈዋለሁ፤ ወደ ኋላ ካቆየሁት ላልጽፈው እችላለሁ።

ቤታችን ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ በእግር ግማሽ ሰዓት ገባ የሚል ነው። መኪናዋ የእንግሊዝ ስሪት ናት፤ ዕድሜዋ ከትዳራችን ይበልጣል። ባለቤቴ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ሆኖ ለብዙ ዓመት ነዳት። ጡረታው ሲቃረብ መሥሪያ ቤቱ በሐራጅ ሊያወጣት መሆኑን ሲሰማ ሌላ ሰው እንዳይነዳት ብሎ ገዛት። እኔ አስተማሪ ነበርኩ። ከኔና ከእሷ ማንኛችንን በደንብ እንደሚያውቅ ጠይቄው አላውቅም፤ መልሱን ስለማውቀው ነው።

አንድ ልማድ ነበረው። ድሮ ሞተሩን የምታስነሣው ሞተሪኖዋ ተቃጥላ መለዋወጫ በጠፋበት ዘመን ቁልቁል ማቆም ለመደ። ከአጥራችን በላይ ባለችው ዳገት ላይ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጎ ያቆማታል። ጠዋት ቁልፉን ያዞርና ፍሬኑን ይለቃል፤ ትንሽ ከተንከባለለች በኋላ ማርሽ ሲያስገባባት ተንቀጥቅጣ ትነሣለች። ሞተሪኖዋ ከተሠራች በኋላም አልተወውም። ናፍጣ ስለሆነች አንዴ ከተነሣች ባትሪ ኖራትም አልኖራትም ትሄዳለች። በኛ በኩል አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ እንዲሁ ነው። ለቅሶ ቤት ሲሄዱ እንኳ መጀመሪያ የሚፈልጉት ቁልቁለት ነው፤ ሜዳ ላይ ያቆመ ሰው ሲታይ እንግዳ መሆኑ ይታወቃል።

አዲሶቹ የዳሽቦርድ አምፑሎችም የኔ ሐሳብ ነበሩ። ዓይኑ ደክሞ ነበር። ሲመሽ የነዳጁንና የሙቀቱን ጌጅ ለማየት አንገቱን እየሰገገ መንገዱን ይረሳዋል። ከዳሽቦርዱ ኋላ ያሉት አሮጌ አምፑሎች ብርሃናቸው እንደ ሻይ ነው፣ ቡናማ። አረብ አገር ላለችው ልጃችን ነገርኳት። እሷም ኤልኢዲ የሚሉትን፣ ነጭና ደማቁን፣ ወደ አገሯ በምትመለስ ጓደኛዋ ሻንጣ ላከችልን። ጥምቀት ሰሞን ደረሰን፤ በካልሲ ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር።

ለመግጠም አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብን። እሱ በጀርባው ተኝቶ ጭንቅላቱን ከዳሽቦርዱ ሥር ከተተ። እኔ በስልኬ አበራለታለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አልበሩም።

«ልጅሽን ሸውደዋታል» አለ ከሥር።

«ስትሸወድ የኔ ናት ማለት ነው?»

«አዎ፤ ስትበራ የኔ ናት።»

አንዱን ነቅሎ መልሶ ሲሰካው፣ ሳያስበው አገላብጦት ኖሮ፣ ቦግ አለ። እነዚህ አምፑሎች ፊትና ኋላ እንዳላቸው በዚህ ገባን። የቀሩትንም እየገለበጥን አበራናቸው። ከዚያ ሌላ ጣጣ መጣ። ብርሃኑን የሚቀንሰው ማዞሪያ ምንም አይሠራም፤ ወይ ሙሉ ነው ወይ የለም። የፍሬቻዋ ምልክት ደግሞ አንዲት አረንጓዴ መብራት ናት፣ ለግራም ለቀኝም የምታገለግል። ቀኝ ስናበራ ትጠቅሳለች፤ ግራ ስናበራ ዝም። ገለበጣት፤ አሁን ለግራ ጠቅሳ ለቀኝ ዝም አለች። መልሶ ገለበጣት። «ቀኙ ይሻላል» አለ፤ ለምን እንደሚሻል አልነገረኝም። ግራ መታጠፍ ትታለች ማለት የጀመረው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

መጨረሻ የቀረችው የባትሪዋ ቀይ መብራት ነበረች። ጥግ ላይ ናት፤ የእሱ ጣት ወፍራም ስለሆነ አልደርስ አለው። ተቀያየርን። እኔ ገብቼ ተኛሁ፣ እሱ አበራልኝ። አሮጌውን አወጣሁ፣ አዲሱን ሰካሁ።

«ይሄኛው አልበራም» አልኩት።

«እሱ ካልበራ ነው ጥሩ። ችግር ሲኖር ነው የሚበራ።»

የፈተንናቸው በመብራት ማብሪያው ብቻ ነበር፤ ቁልፉን አላዞርንም። ዳሽቦርዱ እንደ ከተማ ነጭ ሆኖ በራ። እሱ ተጎንብሶ ጌጆቹን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ደስ ብሎት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል መኪናዋ ምንም አላለችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ እንወርዳለን፣ አንድ ጊዜ ለሠርግ ከላላ ደርሰን መጥተናል። ሁሌም ከዳገቷ እየተንከባለለች ትነሣለች፤ የሄድንበትም ቦታ ቁልቁል ነው የምትቆመው።

በረዶ በወረደ ማግስት ጠዋት ልብሱን እየለበሰ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። አንዱ እጁ እጅጌው ውስጥ ገብቷል፣ አንዱ አልገባም። «ደረቴን አንድ ነገር ተጫነኝ» አለ። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ላብ አጥምቆታል። ጮህኩ። ጎረቤቶቻችን መጡ፤ ከነሱ አንዱ ትንሽ መንዳት ይችላል። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖዋ አንዴ ጠቅ አለችና ዝም። ደግሞ አዞረ። ጠቅ እንኳ አላለችም።

«ያ አላህ! ግፏት!» አለ አንደኛው ጎረቤቴ።

ስድስት ሆነው ገፏት። ግቢው ሜዳ ነው፤ በረዶው ቀልጦ ጭቃ አድርጎታል። ወደ ኋላ ገፏት፣ ወደ ፊት ገፏት፤ ጎማዋ ሰመጠ። ባለቤቴ ካስተኛነው መደብ ላይ ሆኖ በበሩ በኩል ያያቸዋል። «ሁለተኛ ማርሽ አድርጉ» አለ ቀስ ብሎ። ከኔ በቀር የሰማው የለም። ስንት ደቂቃ እንደሄደ አላውቅም። ኋላ ላይ ትተዋት ቃሬዛ ሠሩ፤ ተሸክመውት እስከ መንገዱ ወረዱ፤ ሚኒባስ አስቆሙ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ትንፋሹ ነበረ። ከሰዓት በፊት ዐረፈ።

ዶክተሩን «ቀደም ብለን ብንደርስ ኖሮስ?» ብዬ ጠየቅሁት። ወጣት ነው። መሬት መሬት እያየ «እማማ፣ ልብ ነው። ይተርፍ ነበር ብልዎትም አይተርፍም ነበር ብልዎትም እውነቱን አላውቀውም» አለኝ። ስላልዋሸኝ አመሰግነዋለሁ። ግን ያ መልስ ይዤው የምተኛው ዓይነት አልነበረም።

ለቅሶው አለፈ፣ አርባው ወጣ፣ ሰዉ ወደየሥራው ተመለሰ። ዝምታው የመጣው ያኔ ነው። ለሁለት ሰው ምግብ ሠርቼ የአንዱን ድርሻ አነሣለሁ። መኪናዋ ጎማዋ ጭቃ ውስጥ እንደተቀበረ፣ ጭቃው ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ይዟት፣ ከመስኮቴ ፊት ለፊት ቆማለች። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከደጎሎ ድረስ መጥቶ መከረኝ።

«ሽጭያት። እያየሽ ነው የምትጎጂው። ገዢ አለኝ።»

«ለምን እንዳልተነሣች ሳላውቅ አልሸጥም።»

«አሮጌ መኪና ነው፤ አሮጌ መኪና አይነሣም። ሌላ ምን አለው?»

ለእሱ ሌላ የለውም። እኔ ግን ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ በዚያ ጠዋት ባትሪዋን የገደለው እርጅና ነው ወይስ እኛ የሰካነው ነገር? የመጨረሻዋን ማን እንደሰካ ደግሞ አውቃለሁ።

ከተማ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው አለ፤ ጅዳ ባለ ጋራዥ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቶ የተመለሰ፣ ልጆች ያሉት ጎልማሳ። አስጠራሁት። በሞተር ሳይክሉ መጣ። መኪናዋን ዞሮ ካያት በኋላ መስጊድ የገባ ይመስል ጫማውን ሊያወልቅ ቃጣው።

«እትዬ፣ ይቺን መኪናማ አውቃታለሁ። አባቴ ልጅ ሆኖ ይቺ ስትመጣ ክትባት ሊወጉን መጡ ብሎ ዛፍ ላይ ይወጣ ነበር አሉ።»

«የኛ ሰውዬ ነበር የሚነዳት።»

«ይወቀው፤ አባቴ እስካሁን አልተከተበም።»

ከመጋቢት ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ሳቄን እኔው ራሴ ደነገጥኩበት። እሱም አይቶኝ «አላህ ሶብሩን ይስጥዎት» ብሎ ኮፈኗን ከፈተ።

ባትሪውን ወስዶ ሞልቶ መለሰው። ከጭቃው አወጣት። በቁልፍ ተነሣች። ከዚያ ኤሌክትሪክ የሚያፈስ ቦታ ካለ ብሎ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ቴስተር በሚሉት መለኪያ ለካ። «ሌባ የለባትም» አለ። የፍሬቻዋን ነገር ስነግረው ግን ወዲያው አወቀው። አረንጓዴዋ መብራት ሽቦዋ በግራና በቀኝ መሃል ነው የተዘረጋው፤ ግራ ሲበራ ጉልበቱ በአንድ በኩል ይመጣባታል፣ ቀኝ ሲበራ በሌላው።

«አሮጌው አምፑል ገር ነው እትዬ። በፊት በርም ቢመጡ በጓሮም ቢመጡ ቤት ለእንግዳ ይላል። ይሄ አዲሱ የሚከፍተው በአንድ በር ብቻ ነው። በጓሮ ከመጡ አያውቅዎትም።»

ቴስተሩን ትቶልኝ ሄደ። በየቀኑ ለሩብ ሰዓት እንዳስነሣት፣ ከዚያ ባትሪውን ለክቼ ቁጥሩን እንድጽፍ ነገረኝ። ጻፍኩ። የመጀመሪያው ቀን አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት ቮልት። ቀጥሎ ነጥብ አምስት። ከዚያ ነጥብ ሦስት፤ ከዚያ ነጥብ ሁለት። ባስነሣኋት ቁጥር እየሞላ መሄድ ሲገባው ይወርዳል። በአራተኛው ቀን ደወልኩለት።

«ሞተሩ እየሠራ ይለኩት» አለኝ። ለካሁ። ያው አሥራ ሁለት።

«አሥራ አራት ካላለ ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም ማለት ነው። ዲናሞው ሞቷል።»

«መሞቱን በምን አውቃለሁ?»

«ቀይዋ መብራት ትነግርዎታለች። ቁልፍ ሲያዞሩ ትበራለች፣ ሞተር ሲነሣ ትጠፋለች። ትበራለች አይደል?»

ስልኩን ይዤ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ዳሽቦርዱ ላይ ነጩ ብርሃን ሁሉ ደማቅ ነው። ጥግ ላይ ያለችው ክብ ጨለማ ናት። ከጥር ጀምሮ ስትበራ አይቻት እንደማላውቅ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት።

«እትዬ? አሉ?»

«አለሁ። ነገ እደውልልሃለሁ።»

ካቻቪቴ ይዤ በጀርባዬ ተኛሁ። ስልኬን የሚይዝልኝ የለም፤ በጥርሴ ነከስኩት። መብራቷን ነቅዬ ገለበጥኳትና ሰካኋት። ቁልፉን ሳዞር ፈዘዝ ያለ ቀይ በራ። በጓሮ ነበር የሰካኋት። ግን ሞተሩን አስነሥቼ ስለካ ቁጥሩ አልተለወጠም፤ ቀይዋም አልጠፋችም። ስለዚህ አሮጌዎቹን አምፑሎች ፈለግሁ። ባለቤቴ ምንም ነገር የማይጥል ሰው ነበር፤ በአንድ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጧቸዋል። አንዷን መርጬ ሰካሁ። ቁልፉን ሳዞር ያ የድሮው ሙቅ ቀይ በራ። አስነሣሁ። ጠፋ። ቴስተሩ አሥራ አራት ነጥብ አንድ አለ።

አስተማሪ ነበርኩና በአንድ ጊዜ አላመንኩም። አጥፍቼ አዲሷን በጥር እንደሰካኋት አድርጌ መለስኳት፤ ጨለማ፣ አሥራ ሁለት። አሮጌዋን፤ ቀይ፣ አሥራ አራት። እንደገና አዲሷን። ሦስተኛው ላይ አጥፍቼ ወጣሁ።

በማግስቱ የኤሌክትሪክ ሠሪው መጥቶ አስረዳኝ። ዲናሞው ሲነሣ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ያቺን ትንሽ የሚያገኘው በቀይዋ አምፑል ውስጥ አልፎ በሚመጣው ነው። አዲሱ አምፑል ቆጣቢ ስለሆነ በቂ አያሳልፍም፤ ከተገለበጠ ደግሞ ጨርሶ። ከጥር እስከ መጋቢት መኪናዋ ከባትሪዋ እየበላች ኖራለች። በቁልቁለት ስለምትነሣ ማንም አላወቀም። አሮጌዎቹ አምፑሎች ቢሆኑ ባትሪ ሲደክም ይደክማሉ፣ ያስታውቃሉ። ነጮቹ እስከ መጨረሻው ደማቅ ነበሩ።

«የሰካኋት እኔ ነኝ» አልኩት።

እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። «አብሽሩ እትዬ። እኔ ጅዳ ላይ የሰው መኪና እንዲሁ አድርጌያለሁ፤ ወላሂ፣ ተምሬ፣ ደመወዝ እየተከፈለኝ።»

«ያ ሰው ሞተ?»

«አይ» አለ። «ሰደበኝ።»

ሞተር ሳይክሉን አስነሥቶ ሲሄድ በሩ ላይ ቆሜ ድምፁ እስኪጠፋ ሰማሁት።

ልጄ ዓርብ ዓርብ ትደውላለች። በዚያ ዓርብ «መኪናዋ ምን ሆና ነው ተባለ?» አለችኝ። «ባትሪው አርጅቶ ነው» አልኳት። «እኔ የላክኋቸው መብራቶችስ ይሠራሉ?» አለች። ይሠራሉ አልኩ። ለእሷ ብዬ የዋሸሁ መስሎኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ግን ከእሷ ጋር እንኳ የማላወራው ነገር በቤቱ ውስጥ ከኔ ጋር ተቀመጠ። ድሮ እንዲህ ያለውን የምነግረው ለእሱ ነበር።

በሁለተኛው ዓርብ ነገርኳት። ከበረዶው ጀምሬ፣ ከቁልፉ፣ ከቀይዋ፣ ሳላቋርጥ ነገርኳት። ስጨርስ፣ የቆረጠች መስሎኝ ስሟን ጠራሁ።

«አለሁ እማዬ። ካርቶን ነበረው።»

«ምን?»

«መብራቶቹ ካርቶን ነበራቸው። ውስጡ ወረቀት ነበረው፣ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ። ጓደኛዬ ኪሎ በዛብኝ ስትለኝ ካርቶኑን ጣልኩትና በካልሲ ጠቀለልኳቸው። ምን እንደሚል አላነበብኩትም። ባትሪው ሞቶ ነበር ካላችሁኝ ቀን ጀምሮ እሱን ነው የማስበው። ላንቺ መንገር አቃተኝ።»

«ወረቀቱ ስለዚህ ነገር ምንም ላይል ይችላል።»

«ሊልም ይችላል» አለች።

አጥፍተሻል አልኳት? አላጠፋሽም አልኳት? ሁለቱንም አላልኩም፤ እሷም ለኔ አላለችኝም። ከምትሠራበት ቤት አንድ ሰው ሲጠራት ሰማሁ። «ተይ እንዳታለቅሺ፣ ፊትሽን ያዩብሻል» አልኳት። «አንቺም ምሳ ብዪ» አለችኝ። ተሰነባበትን። ከዚያ ወዲህ ስትደውል ስለ አባቷ እናወራለን፤ በፊት የምናወራው ስለ ዝናብና ስለ ጤና ብቻ ነበር።

መኪናዋን አልሸጥኳትም። ወደፊትም አልሸጣትም ማለቴ አይደለም፤ ገና አልወሰንኩም። ቀይዋና አረንጓዴዋ ላይ አሮጌዎቹን መልሻለሁ፤ የጌጆቹ ነጭ እንደሆነ ቀርቷል። አልነዳም፤ እንዲያስተምረኝ ጠይቄው አላውቅም፣ እሱም አንድም ቀን መንዳት ተማሪ አላለኝም። አሁን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገብቼ እቀመጥባታለሁ፣ ቁልፉን አዞራለሁ፣ ቀይዋ በርታ ስትጠፋ አያለሁ፣ ግማሽ ሰዓት አስነሥቼ አቆያታለሁ። ከዚያ አጥፍቼ እገባና ምሳዬን እበላለሁ።